ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ፋይሉስ?

በወለጋ ከተሞች የመንግሥት መዝገብ ለማየት የሚጠይቅ ነጋዴ ምን መብት አለው? ሲከለከልስ ወዴት ይሄዳል?

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» ይህችን አባባል ያልሰማ ነጋዴ በነቀምትም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎም ሆነ በሻምቡ ተፈልጎ አይገኝም። ስብሰባው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ስለ ምን እንደሆነም አይጠየቅም። ፋይሉ ደግሞ ኃላፊው ቢሮ ተቆልፎበታል። ባለጉዳዩ ተስፋ ቆርጦ ከግቢው ሲወጣ ግን አንድ ሰው ጠጋ ይለውና በፋይሉ ውስጥ ያለውን ከነገጹ ሊነግረው ይችላል። ዋጋው በስምምነት ነው።

ጉዳይ ገዳይ የሚባለው ይህ ሰው የሚነግደው በቡና ወይም በሰሊጥ አይደለም። የሚሸጠው የሕዝብ የሆነውን መዝገብ ነው። ሸቀጡ የሚወደደውም በሩ ስለተዘጋ ብቻ ነው። በሩ የተከፈተ ዕለት ገበያው ይፈርስበታል።

ምሥጢር የነበረ ነገር ይፋ ሲወጣ ገበያ እንዴት እንደሚለወጥ ወለጋ ከማንም በላይ ያውቃል። በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» ተብሎ በነቀምት የቀድሞ አጠራር የሚታወቀው ቡና የዚህ አገር ምርት ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደዚያው እስኪገባ ድረስ፣ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘው የጊምቢ አቅራቢ የመዲናዋን ዋጋ በአብዛኛው የሚሰማው ከደላላ ወይም ከገዥው ከራሱ አፍ ነበር። የዕለቱ ዋጋ በይፋ መነገር ሲጀምር ገዥና ሻጭ መከራከራቸውን አልተዉም። ክርክሩ ግን ሁለቱም በሚያውቁት ቁጥር ላይ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ይህም የሚሆነው መስመር ሲኖር ነው። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ፣ ይፋ የሆነ ዋጋም ቢሆን ለማይሰማው ሰው ምሥጢር እንደሆነ ታይቷል።

ሌላው መዝገብስ?

ቡናው ዋጋ አገኘ እንበል። ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ ነቀምት ላይ መጋዘን ሊሠራ ቦታ ይፈልጋል። ወደ ጨረታ ከመግባቱ በፊት ማወቅ ያለበት ብዙ ነው። ባለፈው ዙር በዚያ ሠፈር የአንድ ካሬ ሜትር ቦታ አሸናፊ ዋጋ ስንት ነበር? በፕላኑ ላይ መንገድ ያልፍበታል ወይስ አያልፍበትም? በቦታው ላይ የካሳ ወይም የይዞታ ክርክር አለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልሱ ያለው በመንግሥት መዝገብ ውስጥ ነው። መልሱን ሳያውቅ የሚጫረት ሰው ወይ አለልክ ሰቅሎ ገንዘቡን ያቃጥላል፣ ወይ አሳንሶ ሰጥቶ ይሸነፋል። መልሱን አስቀድሞ በጓሮ በር ያገኘ ተጫራች ደግሞ ገና ፖስታው ሳይከፈት አሸንፏል ማለት ነው።

የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ይህ እንዳይሆን የሊዝ ጨረታና የመሬት አቅርቦት ግልጽነትንና ተጠያቂነትን የተከተለ እንዲሆን፣ ለጨረታ የሚቀርበው ቦታ ዕቅድም አስቀድሞ ለሕዝብ ይፋ እንዲደረግ ደንግጓል። ከዚያም በላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይናገራል።

ቡና ወደ ምርት ገበያ በገባበት በዚያው ዓመት፣ በኅዳር 2001 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው የብዙኃን መገናኛና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ነገሩን ወደ ባለጉዳዩ አቅርቦታል። በአዋጁ መሠረት ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት አለው። የመንግሥት አካል ሲባልም የፌዴራሉ ብቻ ሳይሆን የክልሉም፣ በየእርከኑ ያለውም ነው። ስለዚህ የዞኑ መምሪያም ሆነ የከተማው አስተዳደር «ይህ የአዲስ አበባ ሕግ ነው» ሊል አይችልም።

አዋጁ ሁሉን በር ወለል አድርጎ አልከፈተም። የሌላ ሰው የግል ጉዳይ፣ የሌላ ነጋዴ የንግድ ምሥጢር፣ የካቢኔ ሰነድ፣ የአገር መከላከያና ደህንነት ጉዳይ የመሳሰሉት ተከልለዋል። ይህ ለነጋዴው ጥበቃም ጭምር ነው፤ የእርሱንም የንግድ ምሥጢር ተፎካካሪው መጥቶ እንዳይወስድበት። ነገር ግን በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ምሥጢር ገጽ አለ ተብሎ ፋይሉ በሙሉ አይቆለፍም። የተከለከለው ተነጥሎ ቀሪው ይሰጣል። መረጃው መውጣቱ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ከጉዳቱ የሚያመዝን ከሆነም ክልከላው ሊነሣ ይችላል።

በቃል ያለ ይረሳል

ታዲያ ሕጉ ካለ ችግሩ የት ላይ ነው? አንዱ ችግር ነጋዴው ጥያቄውን የሚያቀርበው በአፉ መሆኑ ነው። በአፍ የተጠየቀ ነገር በአፍ ይመለሳል። «ነገ ተመለስ» የሚል መልስ ደግሞ ቀን የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ይግባኝ አይባልበትም። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነው።

የዚህ ተረት እውነትነት እዚያው ነቀምት ውስጥ ይታያል። የሌቃው ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ ያለፈ ዘመን የአማርኛ ደብዳቤዎችንና መዛግብትን አቆይቷል። አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ የተባሉት የታሪክ ምሁራን እነዚህን ሰነዶች ሰብስበው ለተመራማሪ እንዲበቁ አድርገዋል። የዚያን ጊዜ የወለጋ አስተዳደር እንዴት እንደነበረ ዛሬ ሊጠና የቻለው ሰው ስለነገረ ብቻ አይደለም፤ የተጻፈው ስለተገኘ ጭምር ነው።

በአዋጁ የተዘረጋው መሰላልም የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በጽሑፍ ይቀርባል። የሚፈለገው ሰነድ ምን እንደሆነ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ተለይቶ ቢጻፍ ይመረጣል። «ስለ መሬት መረጃ ይሰጠኝ» የሚል ማመልከቻ ለመከልከል ይመቻል። «በዚህ ቀበሌ በዚህ ዓመት የተካሄደው የሊዝ ጨረታ ውጤት ቅጂ» የሚለው ግን አያፈናፍንም። በኦሮሚያ ከተሞች ማመልከቻው በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ መጻፉም አንድ ሰበብ ይቀንሳል።

ኃላፊው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል። በዚህ ያልረካ ጠያቂ ወደ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። እንባ ጠባቂው በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመ ሲሆን ፍርድ ቤት አይደለም። አቤቱታ ግን በነፃ ይመረምራል፤ ከአዲስ አበባ ውጪም ቅርንጫፎች አሉት። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በዚህ መንገድ መሄድ ባለሥልጣኑን መክሰስ ሳይሆን ሕጉ የሰጠውን ወረቀት መጠየቅ ነው።

ግምቱ ከየት መጣ?

መዝገብ ሲዘጋ ምን እንደሚያስከትል በ2009 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያን ጊዜው ሕግ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች አዲስ የቀን ገቢ ግምት ተሠርቶላቸው ነበር። ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አምቦ፣ እንዲሁም በጅማው መንገድ ላይ ባለችው ወሊሶ ሱቆች ተዘጉ። አቤቱታው ግምቱ ከአቅም በላይ ነው የሚል ነበር።

ሱቅ መዝጋት ነጋዴውንም መንግሥትንም የሚጎዳ የመጨረሻ እርምጃ ነው። ገማቹ መቼ እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ በምን ስሌት እዚያ ቁጥር ላይ እንደደረሰ የሚያሳይ ወረቀት በእያንዳንዱ ነጋዴ እጅ ቢኖር ግን ክርክሩ ከመንገድ ወደ ጠረጴዛ ይገባ ነበር። ነጋዴው «በዝቷል» ከማለት ይልቅ «ይህ መስመር ስህተት ነው» ሊል ይችል ነበር።

ስብሰባውስ?

ከፋይል ሌላ የሚዘጋው በር የስብሰባ በር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በግልጽ እንደሚካሄድ፣ በዝግ የሚሆነውም ከግማሽ በላይ በሆነ የአባላት ድምፅ ሲደገፍ እንደሆነ ይደነግጋል። የአገሪቱ ትልቁ ምክር ቤት በሩን ከፍቶ መሰብሰብ ካለበት፣ ስለ ገበያ ቦታ፣ ስለ መናኸሪያና ስለ አገልግሎት ክፍያ የሚወስን የከተማ ምክር ቤት የሚዘጋበት ምክንያት ምን ሊሆን ይችላል?

ለነጋዴው ከሁሉ የቀረበው ግልጽ ስብሰባ የጨረታ መክፈቻ ነው። ፖስታው ተጫራቾች ወይም ወኪሎቻቸው በተገኙበት ተከፍቶ ዋጋው ይነበባል። ብዙ ተጫራች ግን ሰነዱን አስገብቶ ወደ ሥራው ይሄድና ውጤቱን በስልክ ይጠብቃል። በተነበበበት ሰዓት ያልተገኘ ሰው በኋላ «ዋጋዬ ተቀየረ» ቢል ምን ማስረጃ አለው?

በህንድ አገር የመረጃ ሕግ የመጣው ከዚህ ዓይነት ስብሰባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በራጃስታን ገጠር የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር የመንግሥት ሥራ የደመወዝ ዝርዝሮችን በአደባባይ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ያልሠሩ ሰዎች ስም በዝርዝሩ ላይ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የህንድ ሕግ እንደ እኛው 30 ቀን ይሰጣል። ያለ በቂ ምክንያት የሚያዘገይ ሹም ግን በየቀኑ 250 ሩፒ፣ እስከ 25 ሺህ ሩፒ ድረስ ከኪሱ ይከፍላል።

ለእኛ ነጋዴ 30 ቀኑ ራሱ ረጅም ነው። ጥያቄው መልስ ሳያገኝ ጨረታው ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያ እስኪወጣ መጠበቅ ሳይሆን ያለፉትን ዙሮች ውጤት ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ መጠየቅ ይበጃል። ብቻውን ስሙ እንዳይነሣበት የሚፈራም አለ፤ ፍርሃቱ በተለይ ባለፉት ዓመታት ጸጥታዋ በደፈረሰው ወለጋ አያስገርምም። ለእርሱ የተሻለው መንገድ ጥያቄው በከተማው የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ስም እንዲቀርብ ማድረግ ነው። በማኅበር የተገኘ መረጃ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ስለማይሆን ጉዳይ ገዳዩ መልሶ የሚሸጠው ነገር አይኖረውም።

እንግዲህ ነገ ጠዋትም ኃላፊው ስብሰባ ላይ ይሆናሉ። ማመልከቻ ለማስገባት ግን እርሳቸው አያስፈልጉም። ሁለት ቅጂ ይዞ ወደ መዝገብ ቤት መሄድ፣ አንዱን ማስገባት፣ በቀሪው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ማስደረግ ይበቃል። 30 ቀኑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆጠራል።