በሻንጣ ስለምንልካቸው አራት ጠርሙሶች



ኢጃዛ የምትወጣ እህት ሻንጣዋን ስታስር ብዙ ጊዜ አብረናት እንሆናለን። ልብሱ፣ ሽቶውና ተምሩ ከገባ በኋላ፣ እንዳይሰበሩ በፎጣ ተጠቅልለው በመጨረሻ የሚገቡ ጠርሙሶች አሉ። በቅርቡም ከአል አይን አንዲት እህታችን አራት ጠርሙስ ይዛ መጣችና «ይኼ ለእማዬ አጥንት፣ ይኼ ለልቧ፣ ይኼ ለወንድሜ ጉበት፣ ይኼኛው ደግሞ ያረጀ ሰውነት የሚያድስ ስቴም ሴል ነው» አለችን። የከፈለችው ገንዘብ ከወር ደመወዟ እኩሌታ ይበልጣል። ሻጩ ምን እንዳላት ስንጠይቃት «አዲስ የተገኘ ምርምር ነው አለኝ» አለች። እናቷ የልብ ሕመምተኛ ናቸው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ። ሻጩ ይህን አልጠየቃትም፤ እርሷም አልነገረችውም።

ብዙዎቻችን እንዲህ አድርገናል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አራቱን ጠርሙሶች አንድ በአንድ እያነሣን፣ እውነተኛው ምርምር ስለ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚል ልንነግራችሁ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጠርሙስ፦ ቫይታሚን ዲ

ከአራቱ ውስጥ እኛን ራሳችንን በቅርብ የሚመለከተን ይህ ነው። ሰውነታችን ቫይታሚን ዲን በአብዛኛው የሚያገኘው ከምግብ ሳይሆን ከፀሐይ ነው። የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ቆዳችን ጥሬውን ያዘጋጃል፣ ጉበት ይለውጠዋል፣ ኩላሊት ደግሞ ለሥራ ያበቃዋል። ከዚያ በኋላ ከምንበላው ምግብ ካልሲየም ወደ ደም እንዲገባና አጥንት እንዲጠነክር ይረዳል። ሲያንስ አጥንት ያማል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ ደረጃ መውጣትም ያስቸግራል።

ታዲያ ፀሐይ በማይጠፋበት በዚህ አገር እንዴት ሊያንስ ይችላል? ይህን ጥያቄ ያነሡት በአል አይን የሚገኘው የኤሚሬትስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ናቸው። በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአገሩን ሴቶች፣ ከሌሎች የዓረብ አገሮች የመጡትንና አውሮፓውያንን አነጻጸሩ። እጥረቱ የበረታው ከቤት በማይወጡትና ሰውነታቸውን ሸፍነው በሚሄዱት ላይ ሆኖ ተገኘ። ፀሐዩ በደጅ አለ፤ ቆዳቸው ላይ ግን አያርፍም ማለት ነው።

እህቶቻችን፣ ይህ የማንን ኑሮ ይመስላል? እኛም ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ስንመላለስ እንውላለን። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ይበቃናል የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን ቫይታሚኑን የሚሠራውን ጨረር የመስኮት መስተዋት ያስቀረዋል። በዚያ ላይ ጠቆር ያለ ቆዳ ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ ተጠንቶ በ1995 የታተመ ጽሑፍም በብዙዎቹ ላይ ይህንኑ እጥረት አሳይቷል።

እንግዲህ ጠርሙሱ ይጠቅማል ማለት ነው? ለጎደለበት ሰው አዎን። ግን እንደ ጉድለቱ መጠን ነው። የአል አይን ሐኪሞች በ2007 ባሳተሙት ሌላ ጥናት፣ ለሴቶች በየቀኑ 2,000 ዩኒት ወይም በወር አንድ ጊዜ 60,000 ዩኒት ለሦስት ወር ሰጡ። መጠኑ ከፍ አለ፣ ጉዳትም አላደረሰም፤ አብዛኞቹ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ በቂ ከሚባለው አልደረሱም። በሌላ በኩል በአሜሪካ ከ25,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበት በ2022 በታተመ ጥናት፣ እጥረት ይኑርባቸው አይኑርባቸው ሳይለይ ክኒኑ የተሰጣቸው ሰዎች ከአጥንት ስብራት አልዳኑም። ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ደግሞ በደሙ ውስጥ ካልሲየም በዝቶ ያስመልሰዋል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። ስለዚህ የሚቀድመው የደም ምርመራ ነው።

ለዚህም መንገድ አለ። በአቡ ዳቢ ኤምሬት፣ አል አይንን ጨምሮ፣ በ2005 በወጣው ሕግ ቁጥር 23 መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው የጤና ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ አለበት። ካርዱ በስማችሁ የወጣ ነው። አጥንታችሁ ሲቆረጥም ከሰነበተ፣ ካርዱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ቅረቡና «ቫይታሚን ዲዬ መታየት አለበት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግም በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ከነክፍያው ይፈቅዳል። ያን ቀን በብርዱ ወራት ረፋድ ላይ ከቤት ወጣ ብላችሁ፣ ክንዳችሁንና ፊታችሁን ፀሐይ አስመቱ። ልብስ ስታሰጡም ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። በሐምሌና በነሐሴ ቀትር ግን አይሞከርም። በፍስክ ቀን የእንቁላል አስኳልና ወተት፣ እንዲሁም እንደ ሰርዲን ያለ ቅባት ያለው ዓሣ ይረዳሉ። እነዚህን በማትመገቡበት በረጅም ጾም ወቅት፣ ሐኪም እጥረት አግኝቶባችሁ ከሆነ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ።

ሁለተኛው ጠርሙስ፦ የዓሣ ዘይት

ኦሜጋ 3 የሚባለው ነው። «ለልብ ጥሩ ነው» ተብሎ ይሸጣል። እዚህ ላይ ስለ ልብ ምት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ ልብ እንደ ሰዓት ቆጠራ በእኩል ይመታል። አንዳንድ ጊዜ ግን የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መምታቱን ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ሐኪሞች ይህን አትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። ያን ጊዜ ደም በልብ ውስጥ ተኝቶ ይረጋል፤ የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ሰውዬው በስትሮክ ይመታል።

በ2021 የታተመ ጥናት ቫይታሚን ዲም ሆነ የዓሣ ዘይት ይህን የልብ ምት መዛባት እንዳልተከላከሉ አሳየ። ጥናቱ ከ25,000 በላይ ሰዎችን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትሏል። በዚያው ዓመት ሰባት ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ሐኪሞች ደግሞ፣ የዓሣ ዘይት በሚወስዱ ሰዎች ላይ የምቱ መዛባት በ25 በመቶ በዝቶ አገኙት። በቀን ከ1 ግራም በላይ በወሰዱት ላይ ጭማሪው 49 በመቶ ነበር። ለልብ ተብሎ የተገዛው ነገር የልብን ምት ሊያውክ ይችላል ማለት ነው። ዓሣን እንደ ምግብ መብላት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን አንከለክልም።

በአገራችን ይህ ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል። በሀገር ቤት ብዙ ሰዎች በልጅነታቸው ቶንሲል ታመው በወጉ ሳይታከሙ ይቀራሉ፤ ውሎ አድሮም የልብ ቫልቫቸው ይጎዳል። የእህታችን እናት ሕመምም ይኸው ነው። እንዲህ ያሉ ሕሙማን ምታቸው ሲዛባ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን መድኃኒት ይወስዳሉ። ዋርፋሪን አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ እየታየ የሚመጠን ርካሽና አሮጌ መድኃኒት ነው። ከውጭ ያለን ልጆች «አዲሱና ውዱ ይሻላል» ብለን ሌላ ገዝተን ለመላክ እንፈተናለን። በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ እንዲህ ያሉ ሕሙማን የተሳተፉበት በ2022 የታተመ ጥናት ግን፣ አዲሱን ሪቫሮክሳባን ከአሮጌው መድኃኒት ጋር አወዳድሮ አሮጌውን በወሰዱት ዘንድ ሞት ያነሰ መሆኑን አገኘ። ስለዚህ የእናታችሁን መድኃኒት ከዚህ ሆናችሁ አትቀይሩ።

ዋርፋሪን ከምግብም ጋር ይጋጫል። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል። በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ ደም ወደ መርጋት ያደላል፤ ጾሙ ሲፈታ ጎመኑ ሲቀር ደግሞ መድኃኒቱ ይበረታና መድማት ይመጣል። ለእናታችሁ ስትደውሉ ጎመኑን ይተዉ አትበሏቸው፤ መጠኑን በየሳምንቱ እኩል ያድርጉትና ጾም ሲገባና ሲወጣ ደማቸውን ያስለኩ በሏቸው። የዓሣ ዘይት ወይም ሌላ ማንኛውም ጠርሙስ ከመጀመራቸው በፊትም ሐኪማቸው ይወቅ።

የራሳችሁንም ምት መቁጠር ትችላላችሁ። ቁጭ ብላችሁ ካረፋችሁ በኋላ ሁለት ጣታችሁን በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓችሁ ላይ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ60 እስከ 100 ከሆነና እኩል የሚሄድ ከሆነ መልካም ነው። ያለ ሥርዓት የሚዘልና የሚደነቃቀፍ ከሆነ ኢሲጂ እንዲነሣላችሁ ጠይቁ። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ካለ ግን ጊዜ ሳታጠፉ 998 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ።

ሦስተኛው ጠርሙስ፦ «ጉበት ማጽጃ»

ከሁሉ ያሳሰበን ይህ ነው። ጉበት ራሱ የሰውነት ማጽጃ ነው እንጂ በዕፅ የሚታጠብ አካል አይደለም። በአሜሪካ በመድኃኒት ምክንያት ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችን የመዘገቡ ሐኪሞች፣ ከመቶ 7 የነበረው የዕፅና የማሟያ ክኒን ድርሻ ከ2004 እስከ 2013 ባለው ጊዜ ወደ 20 ከፍ ማለቱን ጽፈዋል። ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ አይጎዳም የሚለውን አትመኑ። በትግራይ፣ በሽሬ አካባቢ፣ ከ2001 ገደማ ጀምሮ የአንድ መንደር ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ በጉበት ሕመም ሞተዋል። ምርመራው ያመለከተው ከእህሉ ጋር የሚቀላቀል የአረም መርዝን ነው። አረምም ዕፅ ነው።

ፓናዶልም እንዲሁ ነው። ሥራ እንዳይቀርብን ብለን ደጋግመን የምንውጠው እህቶች አለን። ጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ማለፍ የለበትም። የጉንፋን መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ያንኑ ይዘዋልና አብራችሁ ቁጠሩት።

የእህታችን ወንድም ግን የሚያስፈልገው ማጽጃ ሳይሆን ምርመራ ነበር። በ2016 የታተመ የጥናቶች ጥርቅም እንደሚለው ከመቶ ኢትዮጵያውያን 7 ያህሉ በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ የተያዙ ናቸው። ይህ ሕመም ለዓመታት ምንም ሳይሰማን ይቆያል። ብዙዎቻችን ስሙን የምንሰማው ለመኖሪያ ፈቃድ ስንመረመር ነው። የቤት ሠራተኛ ከዚህ ነፃ መሆን አለባት፤ የተገኘባት እህት ፈቃድ አታገኝም፣ ወደ ሀገር ቤት ትመለሳለች። ከመክተብ «ጉበትሽ አልቋል» ተብላ፣ ዕዳዋን ተሸክማ፣ ለቤተሰቧም ሳትናገር የተመለሰች እህት እናውቃለን። ሊነገራት ይገባ የነበረው ግን ሌላ ነበር።

ቫይረሱ መኖሩ ጉበት አልቋል ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው በወሊድ ከእናት ወደ ልጅ፣ ወይም በሕፃንነት ነው፤ በደምና በግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይተላለፋል። አብሮ በመብላት፣ ምግብ በማብሰልና በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ሁሉም ሕመምተኛ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ቴኖፎቪር የሚባል ክኒን በየቀኑ እየወሰደ ቫይረሱን አፍኖ መኖር ይችላል። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የጀመረው የሕክምና ፕሮግራም ይህ በሀገራችን እንደሚቻል አሳይቷል። በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት ብዙ ተጨማሪ ሰዎች ሕክምናውን እንዲያገኙ መመሪያውን አሻሽሏል። ነፃ የሆነ ሰው ደግሞ በክትባት ይጠበቃል። የተጀመረ ክትባት ካላችሁ ሦስቱን ጨርሱ፤ ወረቀቱንም አትጣሉ።

አራተኛው ጠርሙስ፦ «ስቴም ሴል»

ስቴም ሴል እውነተኛ ነገር ነው። ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችል ሕያው ሴል ማለት ነው። በ2020 በአቡ ዳቢ የተጀመረው የመቅኒ ንቅለ ተከላ የሚሠራው በዚሁ ነው። በ2025 በታተመ ጥናትም ከስቴም ሴል የተሠሩ ኢንሱሊን አመንጪ ሴሎች ሙሉ መጠን ከተሰጣቸው 12 የስኳር ሕሙማን ውስጥ 10ሩ ከአንድ ዓመት በኋላ ኢንሱሊን መወጋት አላስፈለጋቸውም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በሆስፒታል ውስጥ፣ በብዙ ጥንቃቄ፣ ሰውነት ሴሉን እንዳይገፋ የሚያደርግ ጠንካራ መድኃኒት እየተወሰደ የተደረገ ነው።

ሕያው ሴል ግን በመደብር መደርደሪያ ላይ ወራት ተቀምጦ፣ ተውጦም በጨጓራ ውስጥ አልፎ አይኖርም። ስለዚህ በክኒንና በዱቄት ስቴም ሴል የሚሸጥላችሁ ሰው የእውነተኛውን ምርምር ስም ብቻ ነው የሚሸጥላችሁ።

ከመግዛታችን በፊት

እህታችን ሁለቱን ጠርሙሶች ልትመልስ ሄዳ ሻጩ ገንዘቡን አልሰጣትም። ቫይታሚን ዲውን ለራሷ ሐኪም አሳይታ አስቀረችው። ለእናቷ የአይ ኤን አር ምርመራ፣ ለወንድሟም የሄፓታይተስ ምርመራ ገንዘብ ላከች። ሁለቱም ተደምረው የአራተኛውን ጠርሙስ ዋጋ አልሞሉም።

እኛም ከመግዛታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ሕመሙ በምርመራ ታውቋል ወይ? የሚወስደው ሌላ መድኃኒት አለ ወይ? ሐኪሙ ስለ ጠርሙሱ ያውቃል ወይ? ከሦስቱ አንዱ «አላውቅም» ከሆነ ጠርሙሱ ይቆይ፤ ገንዘቡ ለምርመራ ይሂድ።

ጤናና ሰላም ይብዛላችሁ።