የተሳፋሪው እርምጃ፤ ስለ ስትራትፎርድ የባቡር መገናኛ

ባቡር ጣቢያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ባቡር የሚቆምበትን ቦታ ብቻ ነው። ነገር ግን በከተማ ዳርቻ ያለ የመገናኛ ጣቢያ ዋና ሥራው ባቡር ማቆም ሳይሆን፣ ሰውን ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው ማሻገር ነው። ይህንንም በምሥራቅ ለንደን የሚገኘው የስትራትፎርድ ጣቢያ ታሪክ በሚገባ ያስረዳናል። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ጣቢያው የተከፈተው በ1839 ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሰሜን የሚሄድ ሌላ መስመር ከዚያው ስለ ተነሣ፣ ስትራትፎርድ ገና ከጅምሩ መገናኛ ሆነ። በ1840ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ተቋቋመበትና አካባቢው የሠራተኛ ሰፈር ሆነ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1946 ነው። ሴንትራል የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር መስመር፣ ሥራው በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጦ ከቈየ በኋላ፣ በዚያ ዓመት ስትራትፎርድ ደረሰ። መሐንዲሶቹ ባቡሩን ከመሬት ውስጥ አውጥተው ከዋናው የባቡር ሐዲድ ጎን አቆሙት፤ ጣቢያውን ካለፈም በኋላ መልሰው ወደ መሬት አስገቡት። ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ከዳርቻው የሚመጣው ሠራተኛ ደረጃ ሳይወጣና ሳይወርድ፣ የመሳፈሪያውን መድረክ ብቻ አቋርጦ ወደ ከተማው መካከል እንዲሄድ ነው። ድካሙን መሐንዲሱ ተሸከመ፤ ተሳፋሪው ዐረፈ።

ነገሩ ትንሽ መስሎ ከታየን እስቲ እናስላው። በመሸጋገር ላይ ጧት አምስት፣ ማታ አምስት ደቂቃ የሚባክንበት ሰው፣ በ300 የሥራ ቀን 50 ሰዓት ያጣል። ይህም ከዕረፍቱና ከልጆቹ የተወሰደ ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዶክላንድስ ቀላል ባቡር በ1987፣ የጁብሊ መስመር በ1999 ደረሱ። የፋብሪካው የመጨረሻ ክፍል በ1991 ተዘጋ፤ የባቡር ግቢው የነበረውም መሬት ለ2012ቱ ኦሎምፒክና ለትልቅ የገበያ ማዕከል ዋለ። በ2009 የተከፈተው «ስትራትፎርድ ኢንተርናሽናል» ግን ከአሮጌው ጣቢያ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ ተሠራ። በእግሩ የሚሸጋገር ሰው በሱቆቹ መካከል ማለፍ አለበት። ቀላሉ ባቡር ሁለቱን ጣቢያዎች ያገናኘው በ2011 ነው። ስሙ ዓለም አቀፍ ይሁን እንጂ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱት ባቡሮች ያልፉታል እንጂ አይቆሙበትም።

እንግዲህ አንድ መገናኛ ሲመረቅ ስንት መስመር እንዳለው ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ከአንዱ ወደ ሌላው ስንት እርምጃ ነው? ብሎ መጠየቅም ይገባል።