ፊል የማይደርስባቸው ቤቶች

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም ነበር፤ በምን አሸነፍክ የሚለውም ይቆጠራል። የተቃራኒውን ንጉሥ በፈረስ ወይም በደር (በዛሬው ቼዝ ግንብ በምንለው) ማት ያደረገ ሰው ማሸነፉን አሸንፏል፤ ውዳሴ ግን አያገኝም። ጨዋታውን በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ የጨረሰ ነው ጎሽ የሚባለው። ፈርዝ ከንጉሡ ጎን የሚቆመው አማካሪ ነው፣ መደቅ ደግሞ ወታደሩ። ፊል በዛሬው ቼዝ ጳጳስ የሚቆምበትን ቤት ይዞ ይጀምራል።

ይህን ደንብ ያነበብኩት በሪቻርድ ፓንክረስት ጽሑፍ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ፓንክረስት፣ ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና አጨዋወት ያሰባሰቡትን እ.ኤ.አ. በ1971 በተቋሙ መጽሔት አውጥተውታል። ካነበብኩት ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ፊል ከትልልቆቹ ጠጠሮች ሁሉ ደካማው ነው። በሰያፍ ሁለት ቤት ብቻ ይዘላል፤ አንድ ቤት መሄድ አይችልም፣ ሦስትም አይችልም። ፈረስ ግን ዛሬ እንደምናውቀው ፈረስ ነው። ታዲያ ክብሩ ለምን ከጠንካራው ሸሽቶ ወደ ደካማው ሄደ?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ጨዋታውን ማየት ያስፈልጋል። የሰንጠረዡ ገበታ ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነው፤ በሰማያዊ ወይም በጥቁር ቅዳጅ ጨርቅ 64 ቤት ሆኖ ይከፈላል። ቤቶቹ ነጭና ጥቁር እየሆኑ አይፈራረቁም፣ ሁሉም አንድ ቀለም ናቸው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ይለውጣል፤ ሌላውም መልሶ ይለውጣል። ይህ ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ከዚያ በኋላ በየተራ ይሆናል። በዓለም ላይ የቼዝ ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለ አከፋፈት ያለው ጨዋታ ግን ከእኛው ሌላ አላየሁም። እንዲህ ያለ ሀብት ከአደባባያችን መጥፋቱ ያሳዝነኛል።

ታላላቆች የተጫወቱት ጨዋታ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1508 እስከ 1540 የነገሡት ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒሱ ሠዓሊ ከግሪጎሪዮ ቢቺኒ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩን ገዢ ራስ ወልደ ሥላሴን ሰንጠረዥ ፊት አገኛቸው። ከእሱም በኋላ ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደን ስለ ጨዋታው ጽፏል፤ መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1868 ነው።

ቢቺኒ ከአገሩ በወጣበት ዘመን ጣሊያን ውስጥ ቼዝ ራሱ ገና እየተለወጠ ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አውሮፓውያን ፊልን ከሁለት ቤት ዝላይ አውጥተው መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ በሰያፍ እንዲከንፍ አደረጉት። ፈርዝም ንግሥት ሆነች። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን የድሮው ፊል እንደነበረ ቀረ። ስለዚህ ሁለት ፊል ከሁለት ፈረስ ቢገጥሙ ማን ይበልጣል ለሚለው ጥያቄ በሁለቱ ገበታዎች ላይ መልሱ አንድ አይደለም።

በዘመናዊው ቼዝ ሚዛኑ ወደ ጳጳሶቹ ያደላል። ጳጳስ ባዶ ገበታ ላይ ከቆመበት ከ7 እስከ 13 ቤት ያያል፤ ፈረስ ከ2 እስከ 8። ፈረስ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ማዶ ያለው ጥግ ለመድረስ 6 እርምጃ ሲፈልግ ጳጳስ በአንድ እርምጃ ይደርሳል። ለዚህ በመማሪያነት ከሚነሡት ጨዋታዎች አንዱ በ1933 ሳሎ ፍሎር ከሚካኤል ቦትቪኒክ ጋር ያደረገው ግጥሚያ 6ኛው ጨዋታ ነው። የቼኮዝሎቫኪያው ፍሎር ሁለት ጳጳስ፣ ቦትቪኒክ ሁለት ፈረስ ይዘው ወደ ፍጻሜው ገቡ። ፍሎር አልተጣደፈም። ወታደሮቹን እየገፋ ፈረሶቹ የሚያርፉባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ነጠቃቸውና አሸነፈ። ግጥሚያው በጠቅላላው አቻ ነው የወጣው፤ ያች ጨዋታ ግን እስከ ዛሬ ትጠናለች።

ወታደር በሌለበት ገበታ ላይ ግን ሰው ለረጅም ጊዜ የተሳሳተበት ነገር ነበር። ዮሴፍ ክሊንግና በርንሃርድ ሆርቪትስ የተባሉ፣ ለንደን የኖሩ ሁለት ጀርመናውያን በ1851 ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለት ጳጳስ አንድ ፈረስን ማሸነፍ አይችሉም አሉ። ማስረጃቸው አንድ ምሽግ ነበር። ፈረሱ ከጥጉ በሰያፍ አንድ ቤት ገባ ብሎ ይቆማል፣ ንጉሡ ከጎኑ ይጠጋል፤ ጳጳሶቹ ቢመላለሱ ተቃራኒው ንጉሥ መግቢያ አያገኝም። ጌቶቹ አዩት፣ መጻሕፍቱ ገለበጡት፣ ትውልድ ተቀበለው።

ምሽጉ መውደቁ የታወቀው ከ132 ዓመት በኋላ ነው። ኬን ቶምፕሰን በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በቤል ቤተ ሙከራዎች ይሠራ የነበረ፣ የዩኒክስን ሥርዓት ከፈጠሩት አንዱ የሆነ መሐንዲስ ነው። ጥያቄውን ከፊት ወደ ኋላ አልሄደበትም፤ ከኋላ ወደ ፊት መጣበት። አምስት ጠጠር በ64 ቤት ላይ ሲቀመጥ ከ1 ቢሊዮን በላይ አቀማመጥ ይኖራል። ወታደር ስለሌለ ገበታውን ማዞርና መገልበጥ ይቻላል፤ ሁለቱ ንጉሦችም ጎን ለጎን ሊቆሙ አይችሉም፤ ያኔ ቁጥሩ ወደ 121 ሚሊዮን ይወርዳል። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ያለቀላቸውን አቀማመጦች ሁሉ ይመዘግባል። ከዚያ በአንድ እርምጃ ወደ እነሱ የሚያደርሱትን ይፈልጋል፣ ቀጥሎ በሁለት፣ ቀጥሎ በሦስት፤ እንዲህ እያለ የሚጨመር እስኪያጣ ድረስ። በ1983 ውጤቱ ወጣ፦ ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ ሁለቱ ጳጳሶች ያሸንፋሉ፣ ግን እስከ 66 እርምጃ ሊወስድ ይችላል። የክሊንግና የሆርቪትስ ምሽግ ለጊዜው ይይዛል እንጂ ይሰበራል። ይህ ግኝት ሕግንም አናወጠ፤ የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ)፣ ምንም ሳይበላና ወታደር ሳይንቀሳቀስ 50 እርምጃ ካለፈ ጨዋታውን አቻ የሚያሰኘውን ገደብ ለተወሰኑ ፍጻሜዎች ከፍ አድርጎ ከቆየ በኋላ በ1992 ለሁሉም ወደ 50 መለሰው።

ይህን ታሪክ ያወራሁት ሐርቡ ውስጥ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ጋር ነው። የቆላው ሙቀት ገና አልበረደም ነበር፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። መምህሩ ቼዝ ይወዳሉ፣ ሰንጠረዥን ግን በስም ብቻ ነበር የሚያውቁት። የፊልን ጥያቄዬን ነገርኳቸው።

«ሰውየው እንዳደረገው አታደርግም?» አሉኝ። «ከመጨረሻው ጀምር። ንጉሡ በፊል ሊሞት የሚችለው የት የት ቆሞ ነው?»

«የትም ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

«ከመሰለህ አስቀምጠው እንጂ!»

ካርቶን ላይ 64 ቤት አሰመርን፣ ከጓዳ አንድ እፍኝ ማሽላ መጣ። ከፊታችን ካለው ረድፍ በግራ በኩል 3ኛው ቤት ላይ ካለው ፊል ጀመርን፤ ሊደርስበት በሚችለው ቤት ሁሉ አንዳንድ የማሽላ ፍሬ አኖርን። ፍሬዎቹ 8 ላይ ቆሙ። ፊሉ ዕድሜ ልኩን ቢዘል ከ64ቱ ቤት 8ቱን ብቻ ነው የሚያውቀው። 6ኛው ቤት ላይ ያለው ወንድሙም ሌላ 8 አለው፤ ከመጀመሪያው ጋር አንድም የሚጋሩት ቤት የለም። እንግዲህ አንዱ ፊል ሌላውን ሊጠብቅለት አይችልም። የተቃራኒውን ሁለት ፊሎች ጨመርን፤ እነሱም ለየራሳቸው ሌላ 8፣ 8። አራቱ ፊሎች በአንድ ገበታ ላይ ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን ግን ለዘላለም አይበላውም፣ አይነካውም።

32 ፍሬ ገበታው ላይ ተዘርቷል። መምህሩ ዝም ብለው ካዩት በኋላ ጣታቸውን መሃል ላይ አደረጉ። አራቱ የመሃል ቤቶች ባዶ ናቸው። ከዚያ ጥጎቹን አሳዩኝ፤ አራቱም ባዶ። ከአራቱ ፊሎች አንዱም መሃል መግባት አይችልም፣ አንዱም ጥግ አይደርስም። ጥግ ላይ የቆመን ንጉሥ ፊል ሊያጠቃው አይችልም ማለት ነው።

ትልቁ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የእኛን ሁለት ፊሎች ፍሬ ብቻ ትተን የተቃራኒውን አነሣን። የቀሩት 16ቱ ፍሬዎች በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ7ኛው ረድፍ ላይ ብቻ ነበሩ። ሁለት ሁለት ቤት የሚዘል ጠጠር ከ1ኛው ረድፍ ተነሥቶ ወደ 8ኛው አይደርስም። የተቃራኒው ንጉሥ ተወልዶ ያደገበት ረድፍ ደግሞ 8ኛው ነው።

«ስለዚህ ከቤቱ ካልወጣ በፊል አይሞትም» አሉ መምህሩ።

ለእኔ ጥያቄው የተፈታው እዚያ ላይ ነው። ፈረስ 64ቱንም ቤት ይደርሳል፤ ደርም እንዲሁ። በእነሱ ማት ለማድረግ ንጉሡን ባለበት መግጠም ይበቃል። በፊል ማት ለማድረግ ግን ንጉሡን ከራሱ ረድፍ ማስወጣት፣ ከ16ቱ ቤቶች ወደ አንዱ መንዳት፣ ፊሉንም በትክክለኛው ሰዓት ሁለት ቤት ራቅ ብሎ በሰያፍ የሚያገኝበት ቦታ ማድረስ ያስፈልጋል። አሸናፊው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ካላሰበ በአጋጣሚ አይሆንለትም። የድሮ ሰዎች ያከበሩት ይህን አርቆ ማየት ነው ብዬ አምናለሁ። ለማክበራቸው ማሽላ መቁጠር አላስፈለጋቸውም፤ ዕድሜ ልክ ተጫውተው ያወቁት ነው።

ሌላ ደንብም ሥራውን ያከብደዋል። ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ አይፈቀድም፤ ጨዋታው አቻ ይሆናል። አንድ ትልቅ ጠጠር የቀረው ተጫዋች ደግሞ ያ ጠጠር 7 ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማት ካልሆነ ይድናል። ሁሉንም በልተው ከጨረሱ በኋላ ንጉሡን ተዝናንተው ማሳደድ እዚህ የለም። ፊዴ በ50 እርምጃ የተቸገረበትን ነገር ሰንጠረዥ በ7 ቆርጦታል።

በዚህ ገበታ ላይ ሁለት ፊልና ሁለት ፈረስ በተቃራኒ ወገን ከሆኑ ፉክክሩ እኩል አይደለም። ፈረሶቹ ከ16ቱ ቤቶች ላይ እስካልቆሙ ድረስ ፊሎቹ አይነኳቸውም፤ ፊሎቹ ግን የትም ቢቆሙ ለፈረስ የተጋለጡ ናቸው። አንድ ወገን ሲሆኑ ነው ነገሩ የሚያምረው። ሲመሽ የሠራነው አቀማመጥ ይህ ነው፤ ዓምዶቹን ከነጩ በግራ በኩል ቁጠሩ። የጥቁሩ ንጉሥ 1ኛው ዓምድ 7ኛው ረድፍ ላይ ተገፍቶ ወጥቷል፤ የቀረው ደር በ8ኛው ዓምድ 1ኛው ረድፍ ነው። የነጩ ንጉሥ 3ኛው ዓምድ 6ኛው ረድፍ፣ አንዱ ፈረስ ከእሱ በላይ 7ኛው ረድፍ፣ ሌላው ፈረስ ከዚያ በቀኝ 4ኛው ዓምድ ላይ ናቸው። ፊሉ ከ5ኛው ዓምድ 3ኛው ረድፍ ተነሥቶ ወደ 3ኛው ዓምድ 5ኛው ረድፍ ይዘላል። የመጀመሪያው ፈረስ ንጉሡ በዓምዱ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳይሄድ ይዞታል። ሁለተኛው ጥግ አጠገብ ያለውን ቤት ዘግቷል፤ የቀሩትን ሁለት ቤቶች የነጩ ንጉሥ ራሱ ይጠብቃል። ፊል ዘላይ ስለሆነ መሃል ገብቶ መከለል አይቻልም፤ ደሩም ካለበት ፊሉ ጋ አይደርስም። ማት ነው፣ በፊል።