የወለጋ ቡና ጆንያና በስልክ የሚጻፍበት መለያ

ከነቀምት፣ ከጊምቢና ከደምቢ ዶሎ የሚጫነው ቡና በውጭ አገር ገበያ የሚታወቀው «ለቀምት» በሚለው በከተማይቱ የቀድሞ ስም ነው። በፍሬው ትልቅነትና በፍራፍሬ ቃናው ገዢ አያጣም። ሆኖም ይህ ስም ጆንያው ከየትኛው ቀበሌና ከማን ማሳ እንደ ወጣ አይገልጽም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲሸጥ በተደረገ ጊዜ በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይቀላቀል ስለ ነበር የአምራቹ ማንነት በመንገድ ይጠፋ ነበር። በኋላ ባር ኮድ ያለበት መለያ በጆንያ ላይ መታሰር ጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051ም ምንጩ ተለይቶ ለሚሸጥ ቡና መንገድ ከፈተ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው የደን ሕግ ደግሞ የማሳውን መገኛ ነጥብ ይጠይቃል፤ የሚጸናበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ቢራዘምም ጥያቄው አልቀረም።

ለዚህ ሥራ ሊረዳ የሚችል አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ይኸውም ኤን ኤፍ ሲ የተባለው መለያ ነው። ስፋቱ ከሳንቲም እምብዛም አይበልጥም፤ በውስጡ ቺፕና የተጠማዘዘ ቀጭን ሽቦ እንጂ ባትሪ የለውም። ኃይል የሚያገኘው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ከሚጠጋው ስልክ ነው። አንድሮይድ ስልኮች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አይፎን 7ና ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ደግሞ ከመስከረም 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጽፉበት ይችላሉ። ዋጋቸው ረከስ ያሉ ብዙ ስልኮች ግን ይህ አገልግሎት የላቸውም፤ ሳይገዙ መመርመር ይገባል። ብዙ ጆንያ ላለው ነጋዴ በዩ ኤስ ቢ ከኮምፒዩተር ጋር የሚገናኝ የመጻፊያ መሣሪያ ይሻላል፤ የጆንያዎቹ ቁጥር ከኤክሴል ዝርዝር እየተወሰደ ተራ በተራ ይጻፋልና።

ኤንታግ 213 የሚባለው የተለመደው ዓይነት 144 ባይት ብቻ ይይዛል። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲፈጅ የግእዝ ፊደል ሦስት ይፈጃል። ስለዚህ በቁቤ ከተጻፈ 130 ያህል ፊደል የሚችለው መለያ በአማርኛ ከአርባ ጥቂት የሚበልጥ ፊደል ብቻ ይችላል። ቀበሌውን፣ የጆንያውን ቁጥርና ክብደቱን አሳጥሮ መጻፍ ግድ ነው፤ ረጅም ዝርዝር ለሚወድ ጸሐፊ 504 ባይት ያለው ኤንታግ 215 አለለት።

በመለያው ላይ የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ጽፎ ዝርዝሩን በሌላ ስፍራ የሚያስቀምጥም ነጋዴ አለ። ይህ በወለጋ አያዋጣም። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብና በቄለም ወለጋ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወሳል። በመለያው ላይ የተጻፈ ቃል ግን ያለ ኔትወርክ ይነበባል።

ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያሻው መቆለፉ ነው። ያልተቆለፈውን መለያ ስልክ የያዘ ማንኛውም ሰው ደምስሶ የጊምቢን ጆንያ የሌላ አገር ሊያደርገው ይችላል። በሌላ በኩል አንድ ጊዜ ለዘለቄታው የተቆለፈ መለያ በቀለም እንደ ተጻፈ መዝገብ ተሰርዞ አይታረምም። ስለዚህ ከመቆለፉ በፊት የተጻፈውን በሌላ ስልክ ማስነበብ ያስፈልጋል።

ቁልፉም ቢሆን የሚጠብቀው ጽሑፉን እንጂ ቡናውን አይደለም። መለያው ተቆርጦ በሌላ ጆንያ ሊታሰር፣ ቃሉም በባዶ መለያ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። እያንዳንዱ ቺፕ ከፋብሪካ የተሰጠው ቁጥር ስላለው ያን ቁጥር ከጆንያው ቁጥር አጠገብ በመዝገብ ማስፈር ማታለሉን ያከብደዋል። ፈጽሞ አያስቀረውም፤ ቁጥራቸው እንደ ልብ የሚለወጥ ቺፖችም ይሸጣሉና ሚዛኑ፣ ማሸጊያውና መሸኛው እንደ ቀድሞው መቀጠል አለባቸው።

መለያውን በቆርቆሮ ዕቃ ላይ ለመለጠፍ የሚያስብ ባለ ሱቅ ተራውን ቢገዛ ገንዘቡን ያጠፋል፤ ብረት ሞገዱን ስለሚያውከው ስልኩ አያነበውም። አስመጪው ሲያዝዝ ለብረት ተብሎ የተሠራውን፣ በጀርባው ፌራይት ያለበትን ዓይነት ለይቶ መጥቀስ ይኖርበታል።