ሳይቃጠል በቅጠል፦ አዲስ መኪናን ስለ ማለማመድና ስለ ጥቃቅን ብልሽቶች

ጁባ ውስጥ መኪና ለብዙ ቤተሰቦቻችን ጌጥ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ጠዋት ልጆችን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ቀን ለሱቅ ወይም ለምግብ ቤት ዕቃ ይጭናል፤ ማታ ሰው ቢታመም ሆስፒታል ይወስዳል። የዓመታት ቁጠባ የፈሰሰበት በመሆኑም እሱ ሲቆም የቤቱ ኑሮ አብሮ ይቆማል። መለዋወጫው በአብዛኛው ከጎረቤት አገር ስለሚመጣ ትንሿ ዕቃ እንኳ ቀናት ልታስጠብቅ ትችላለች። ደግነቱ ትልልቅ ብልሽቶች ብዙውን ጊዜ ገና ትንሽ ሳሉ ምልክት ይሰጣሉ። ምልክቱን ለማወቅ ደግሞ የግድ መካኒክ መሆን አያስፈልግም።

ሮዳጅ ምንድን ነው?

ሹፌሮች ሮዳጅ የሚሉት አዲስ መኪና ከሥራው ጋር የሚለማመድበትን ጊዜ ነው። ሞተሩ ውስጥ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት የብረት ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ልክ ለልክ የሚገጥሙት ጥቂት ከተፋተጉ በኋላ ነው። በደንብ ካልገጠሙ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። አዲስ የፍሬን ሸራም እንዲሁ እስኪገጥም ጊዜ ይፈልጋል፤ አዲስ ጎማ ደግሞ መጀመሪያ ላይ መንገድ በደንብ አይቆነጥጥም።

ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባ የሚናገረው ከመኪናው ጋር የሚመጣው መመሪያ ነው። ለምሳሌ የብዙ ቶዮታ መኪኖች መመሪያ በመጀመሪያው 300 ኪሎ ሜትር በድንገት ፍሬን አለመያዝን፣ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ተጎታች አለመሳብን፣ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ደግሞ በጣም አለመፍጠንን፣ ነዳጅ በኃይል አለመርገጥንና ለረጅም ጊዜ በአንድ ፍጥነት አለመጓዝን ይመክራል።

የመጨረሻው ምክር ብዙ ሰው ይገርመዋል። «ቀስ ብዬ በ60 ብቻ እነዳለሁ» ማለት ለአዲስ ሞተር በቂ ጥንቃቄ አይደለም፤ ፍጥነቱን በዝግታ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይሻለዋል። ሮዳጅ የሚቆጠረውም በቀን ሳይሆን በኪሎ ሜትር ነው። በቀን 10 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሄድ የትምህርት ቤት መኪና 1,000 ለመሙላት 100 ቀን ይፈጅባታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተመረቀው የጁባ–ኒሙሌ አስፋልት ግን 192 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በአንድ ደርሶ መልስ 384 ይሞላል።

«የእኔ መኪና ያገለገለች ናት፤ ይህ አይመለከተኝም» የሚል ወላጅ ይኖራል። ሞተሩ ከታደሰ፣ የፍሬን ሸራ ወይም ጎማ ከተቀየረ ግን ለተቀየረው ዕቃ ጥንቃቄው ያው ነው። አዲስ ቦዳቦዳ የገዛም ሰው ሞተር ሳይክሉን እንደዚሁ ያለማምድ።

አራት ምልክቶች

ሙቀት። በየካቲትና በመጋቢት የጁባ ሙቀት እስከ 38 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሙቀት መለኪያው ሲወጣ ኤሲውን ያጥፉ፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ሙቀቱን ከሞተሩ ይስባልና። ከዚያ መንገድ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ግን ፈጽሞ አይክፈቱ። ውስጡ ያለው ውሃ ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ክዳኑ ሲከፈት ገንፍሎ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በደንብ እስኪበርድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ ልጆችንም ያርቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ባትሪ። ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ባትሪው ሞተ ከማለትዎ በፊት ሽቦዎቹ የታሰሩበትን ቦታ ይመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ወይም ማሰሪያው ከላላ፣ ማጽዳትና ማጥበቅ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ሲፈቱ የኔጌቲቩን ሽቦ ያስቀድሙ፤ ሲያስሩ እሱን መጨረሻ ያድርጉ።

ጎማ። ነፋሱ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ትክክለኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል ባለው ምሰሶ ላይ ተጽፏል። ጎማው ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻ መጠን እንጂ ለመኪናዎ የሚያስፈልገው አይደለም።

መብራት። በዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት «በቅርቡ አስመርምረኝ» ሲል፣ ቀይ ደግሞ «አሁኑኑ ቁም» ይላል። ቀዩ የዘይት መብራት እየበራ «ቤት እስክደርስ» ብሎ መንዳት ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያበላሽ ይችላል።

ጋራዥ ስንሄድ

እኛ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፊልትሮ የምንላቸው ቃላት ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። በእንግሊዝኛ ወይም በጁባ ዓረብኛ የሚግባባ መካኒክ ላያውቃቸው ይችላል። ስለዚህ ዕቃውን በስም ከመጥራት ይልቅ የታየውን መናገር ይሻላል፦ ድምፁ መቼ ይሰማል? ሲሞቅ ነው ወይስ ሲቀዘቅዝ? ምን ይሸታል? የሚፈሰው ምን ዓይነት ቀለም አለው? «ካንዴላ ቀይርልኝ» ያለ ሰው ካንዴላ ይቀየርለታል፤ ችግሩ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ወላጆቻችሁን ልትረዱ ትችላላችሁ። አንድ ደብተር መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ዘይት የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር፣ የጎማውን ነፋስ፣ የሰማችሁትን እንግዳ ድምፅ ጻፉበት። አቧራማ መንገድና አጭር ጉዞ የሚበዛበት መኪና ከሌላው ቀድሞ ዘይትና የአየር ፊልትሮ መቀየር ስለሚፈልግ፣ የመቀየሪያው ጊዜ መድረሱን ለአባት ወይም ለእናት የሚያስታውሰው ያ ደብተር ነው።