ከሩጫው ጀርባ ያሉ ዳኞችና በጎ ፈቃደኞች

የጎዳና ሩጫ ዳኝነት የሚጀምረው ሯጮቹ መነሻው ላይ ሳይሰለፉ ገና ቀደም ብሎ፣ መንገዱ ሲለካ ነው። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ በግልጽ ለማየት የሚያመቸው ቦታ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መስቀል አደባባይ ነው። ከካዛንቺስ ተነስቶ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ቁልቁል የወረደ ሰው በጥቂት ደቂቃ በእግሩ ይደርስበታል፤ አዲስ አበባ ስታዲየምም ከጎኑ ነው። ኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ሺህ ያህል ሰው አሳትፎ ነበር። በወንዶች ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ በሴቶች ብርሃኔ አደሬ አሸነፉ። ከዓመታት በኋላ የተሳታፊው ቁጥር ከ40 ሺህ በላይ ደርሷል። ይህን ያህል ሕዝብ ውሃ ጠጥቶ፣ ሳይጎዳና ሳይጠፋፋ፣ ውጤቱም ታምኖለት ወደ ቤቱ እንዲመለስ የሚያደርጉት ዳኞችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

መንገዱ የሚለካው በብስክሌት ነው። በፊት ጎማው ላይ የጎማውን ዙር የሚቆጥር መሣሪያ ይገጠማል፤ ለኪው በሜትር በተረጋገጠ ቀጥተኛ መንገድ ላይ ብስክሌቱን ደጋግሞ በመንዳት ስንት ቁጥር አንድ ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ያሰላል። ከዚያ ሯጭ ሊከተለው የሚችለውን አጭሩን መስመር ይዞ፣ በኩርባው ላይ ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይነዳል። መንገዱ አጥሮ እንዳይገኝ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመራል፤ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ 10 ሜትር ማለት ነው። ይህች ጭማሪ የምታስቆጭ ትመስላለች። ሆኖም ሲለካ አጥሮ የተገኘ መንገድ ላይ የተመዘገበ ክብረ ወሰን ስለሚሰረዝ፣ የአትሌቱን ድካም ከብክነት የምትጠብቀው እሷ ናት። ለክብረ ወሰን ማጽደቂያ መነሻውና መድረሻው በቀጥታ ሲለካ ከውድድሩ ርቀት ከግማሽ በላይ መራራቅ የለባቸውም፤ ቁልቁለቱም በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ እዚያው የሚያልቅ ዙር ሁለቱንም መመዘኛዎች በቀላሉ ያሟላል።

በመነሻው ሰዓት ሥልጣኑ የአስጀማሪው ነው። በረጅም ርቀት «በየቦታችሁ» ይላል፤ ሁሉም ጸጥ ሲል ሽጉጡ ይተኮሳል። እንደ መቶ ሜትሩ «ተዘጋጁ» የሚል ትእዛዝ የለም። በሕዝብ ሩጫ ላይ ከዚህ የሚከብደው ታዋቂ አትሌቶችን ከብዙኃኑ መለየት ነው። በጎ ፈቃደኞች ገመድ ይዘው ወይም እጅ ለእጅ ተያይዘው በመካከል ይቆማሉ፤ ፊት ያሉት እስኪርቁም ቦታቸውን አይለቁም።

ውሃ ማደል በቅርብ ላላየው ሰው የቀለለ ይመስላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ አየሩ ስስ ነው፣ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ይበረታል፣ ከሯጮቹም ብዙዎቹ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሮጡ ናቸው። ስለዚህ ጠረጴዛዎቹ ተራርቀው ይደረደራሉ፤ አለበለዚያ ሁሉም የመጀመሪያው ላይ ይጋፋል። አዳዩ የጠርሙሱን ክዳን አስቀድሞ ያላላል፣ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ሯጩን ተከትሎ ወደ መንገዱ አይገባም። ሌላው የወደቁትን ጠርሙሶች ከእግር ሥር ያነሳል። ራሱን የሳተ ወይም አቅጣጫ የጠፋው ሯጭ ሲያዩ የሕክምና ቡድኑን መጥራትም የእነሱ ድርሻ ነው። ይህ ሥራ ከሜዳሊያ ሰጪው ያላነሰ ክብር ይገባዋል።

በመድረሻው ደረጃ የሚወሰነው በደረት ነው። እጅ፣ እግር ወይም ጭንቅላት ቀድሞ ቢያልፍ አይቆጠርም። ዛሬ ሰዓቱን ቺፕ ይመዘግባል፤ ይሁንና በእጅ ሰዓት የመያዝ ሙያ አልቀረም። ለአሸናፊው ሦስት ሰዓት ያዦች ይመደባሉ። ሰዓታቸውን የሚያስነሱት የሽጉጡን ጭስ ወይም ብልጭታ አይተው እንጂ ድምፁን ሰምተው አይደለም፤ ድምፅ ከብርሃን ይዘገያልና። ሁለቱ ከተስማሙ የእነሱ ይወሰዳል፤ ሦስቱም ከተለያዩ መካከለኛው ይያዛል። በጎዳና ሩጫ የሰከንድ ክፍልፋይ ወደሚቀጥለው ሙሉ ሰከንድ ይጠጋጋል። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ በዛሬው ሕግ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ተብሎ ይጻፍ ነበር።

በስታዲየሙ ውስጥ ደግሞ ሌላ ሙያ አለ፤ ዙር ቆጠራ። 10 ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው፤ መሪዎቹ ኋላ የቀሩትን ሲደርቡ ማን ስንተኛ ዙር ላይ እንዳለ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ አንድ ቆጣሪ ከአራት በላይ ሯጭ አይያዝም፤ እያንዳንዳቸው ባለፉ ቁጥር ሰዓታቸውን ይጽፋል። ደወል የሚደወለው መሪው የመጨረሻውን ዙር ሲጀምር ነው። ኢትዮጵያ ስሟን ያስጠራችበት ርቀት በመሆኑ ይህ ሙያ በአገራችን በደንብ ሊታወቅ ይገባ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና በዚሁ ስታዲየም ሲካሄድ የአህጉሩ ሯጮች ዙር የተቆጠረው በዚህ መም ላይ ነው።

በእርምጃ ውድድር ላይ ዳኛው የሚያየው እግር ብቻ ነው፤ አንዱ እግር ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት፣ የፊተኛውም እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ከሰውነት ሥር ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ጉልበቱ መታጠፍ የለበትም። ውሳኔው በባዶ ዓይን ነው፤ ዳኞቹም እርስ በርስ ሳይመካከሩ ይፈርዳሉ።

ሯጩ መስመሩን ካለፈም በኋላ የዳኛው ሥራ አላለቀም። ውጤቱን የሚቃወም ቡድን፣ ውጤቱ ይፋ ከሆነ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ አቤቱታ ያቀርባል፤ መጀመሪያ ዋናው ዳኛ፣ ካልተስማሙ የይግባኝ ኮሚቴው ያየዋል። ዳኛ የሚያስፈልገው ሕጉን ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ያየውን ወዲያው በጽሑፍ የማስፈር ልማድም ነው። በቃል ብቻ የቀረ ምስክርነት ይግባኝ ፊት ሊዳከም ይችላል።

ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ በት/ቤት ወይም በክለብ ውድድር ላይ ዙር በመቁጠርና ሰዓት በመያዝ ይጀምራል፤ ከዚያ ሥልጠና ወስዶና ተፈትኖ ደረጃ በደረጃ ያድጋል። ሮጦ ማሸነፍ ግዴታ አይደለም፤ ማልዶ መነሳት፣ ረጅም ሰዓት መቆምና ለማንም አለማድላት ግን ግዴታ ነው። በቂርቆስና በካዛንቺስ የምትኖሩ ወጣቶች፣ ትልልቆቹ ሩጫዎች የሚጀመሩት ከደጃችሁ ነውና በሚቀጥለው ውድድር ከተመልካችነት ተነስታችሁ በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ ተመዝገቡ።