እነዚያ የቆሙ የጭነት መኪናዎች ከየት መጡ?

በየከተማው መውጫ፣ በየጋራዡ ጓሮና በየአሮጌው መጋዘን አጥር ሥር ለዓመታት ሳይንቀሳቀሱ የቆሙ የጭነት መኪናዎች አሉ። ጎማቸው ተንፍሶ መሬት ነክሷል፤ መስታወታቸው ረግፏል፤ በጋቢናቸው ውስጥ ሣር በቅሏል። «ይህ መኪና የማን ነበር? ከየትስ መጣ?» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ አንዱ «የጣሊያን ነው» ይለዋል፤ ሌላው «የእንግሊዝ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «የደርግ ጦር ጥሎት የሄደ ነው» ሲል ይከራከራል። ታዲያ ልጁ ማንን ይመን?

ውድ አንባቢያን፣ የመጀመሪያው ፍንጭ ያለው በገዛ አንደበታችን ላይ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ናፍታ፦ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው የጣሊያን ጦር ስንቁንና የመንገድ ሥራ ዕቃውን ያመላለሰው በከባድ መኪናዎች ነበር። ከእነዚህም አንዱ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራ የነበረው ፊያት 634 ነው። ወራሪው ተሸንፎ ሲወጣ መኪናው ቀረ፤ ቃሉም ከመኪናው ጋር ቀረ።

ይሁን እንጂ «ፊያት» የሚል ጽሑፍ ስላየን ብቻ መኪናው የወረራ ዘመን ቅሪት ነው ብለን መደምደም የለብንም። ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» የሚሉት ዝነኛ መኪና ፊያት 682 ኤን 3 ነው፤ «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። የ682 ዝርያ መመረት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ይህም ጣሊያን ከአገራችን ከወጣች ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ኤንትሬ የመጣው ከጦር ጋር ሳይሆን በንግድ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አምቼም የፊያትን፣ በኋላም የኢቬኮን መኪናዎች እዚሁ ገጣጥሟል። ኢቬኮ የሚለው ስም ራሱ የተፈጠረው በ1975 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ይህ ስም ያለበት መኪና ከዚያ ዓመት በፊት ሊሠራ አይችልም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ምልክት መሪው ነው። «መሪው በቀኝ ከሆነ የእንግሊዝ ነው» ሲባል እንሰማለን። እርግጥ አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ስለነበር በቀኝ መሪ የገቡ የእንግሊዝ መኪናዎች ነበሩ። ነገር ግን የጣሊያን ከባድ መኪናዎችም በቀኝ በኩል እየተነዱ መሪያቸው በቀኝ ይደረግ ነበር። ምክንያቱም ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን አፋፍ በዓይኑ እንዲያይ ነው። ስለዚህ መሪው ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

በደርግ ዘመን ደግሞ ዚልና ኡራል ከሶቪየት ኅብረት፣ ኢፋ ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመን መጥተዋል። ኢፋ ደብልዩ 50 የተመረተው ከ1965 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ ነው።

ታዲያ እርግጠኛው ምስክር የቱ ነው? የሻንሲው ቁጥር ነው። ሞተር ይቀየራል፤ ጋቢና ከሌላ መኪና ተነቅሎ ይገጠማል፤ በብሎን የታሰረች ሰሌዳም ትነሣለች። በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ግን ይቆያል። ዝገቱን በናፍታ በራሰ ጨርቅ ጠርጎ፣ ሲደርቅ ጠመኔ ቢያሹበት ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሊብሬው ከተገኘ ደግሞ ከዚያ ጋር ማመሳከር ነው።

ብረቱ የማይነግረን ነገር ግን አለ፤ ማን ነዳው? ምን ጫነበት? ለምንስ እዚህ ቆመ? ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚወርደውን መንገድ እናስታውስ። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ አገራችን በአሰብ ወደብ መጠቀሟን አቆመች፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። በዚያ በረሃ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሾፌሮችና ረዳቶች ዛሬ አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ከአንባቢዎቻችን መካከል የእነርሱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የሆነ አይጠፋም።

የቆመው መኪናም ቢሆን ጊዜ የለውም። ብረት ገዢ መጥቶ በኪሎ መዝኖ ይወስደዋል፤ ቀልጦም የቤት መሥሪያ ብረት ይሆናል። ያን ጊዜ ሻንሲውም ቁጥሩም አብረው ይጠፋሉ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ በዝገትና በስለታም ቆርቆሮ እንዳይጎዱ ከነዚህ መኪናዎች ላይ አውርዷቸው፤ ጥያቄያቸውን ግን «ዝም በል» ብላችሁ አትዝጉት። ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም ደብተርና እርሳስ ያዙና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያም ከሰፈራችሁ አረጋዊ ሾፌር ጎን ቁጭ ብላችሁ «አባባ፣ ይህን መኪና ያውቁታል?» ብላችሁ ጠይቁ። የመኪናውን አገር ከብረቱ ታገኙታላችሁ፤ ታሪኩን ግን የምታገኙት ከእርሳቸው አንደበት ነው፤ እርሳቸው ሳሉ።